የጋሽ ይርዳው ዘበኛ

ከሥራ ልወጣ ስል ደወሉ፤ «ነይልኝ» አሉ በስልክ፣
«ኮምፒዩተሬ ውስጥ የገባው ሌባ የለውም ልክ።
ደግነቱ ዘበኛ አለው፤ ይቆጥራል አንድ በአንድ፤
ደሞዝ ጨምር ይለኛል እንጂ፤ እኔም አቃተኝ መፍረድ።»

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ከምድር ቤቱ በር፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ትንፋሽ ሲሰበር።
መኪናዬን አቁሜ አፍንጫዋን በገመድ አሰርኳት ከግድግዳ፣
መብራት ስትጠባ ታድራለች፣ እንደ አራስ ቤት እንግዳ።

ገብቼ አየሁት።
ቀይ ጋሻ፣ ቢጫ ደወል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ጽሑፍ፣
ሦስት መቶ አርባ ሰባት ቫይረስ፣ ወርዶ የማያልቅ ሰልፍ፤
«አሁን ካልከፈሉ...» ብሎ ሦስት ነጥብ ደርድሮ ያቆማል፣
እንደ ጠንቋይ ነው፤ ቀሪውን ለፈራ ሰው ይተወዋል።

ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር ከፍለውታል፣ ያውም ሁለቴ፤
«ምን ላድርግ፣ የሙያ ወንድሜ ነው፤ ዘበኛ ነበርኩ በጉልበቴ።»
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ፖርቴጅ ላይ፣ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ፣
ሰባቱን ደርብ በባትሪ ዞረዋል፣ ሌሊቱ እስኪያልቅ።
«የዘበኛ ደሞዝ መብላት ግፍ ነው» አሉ ቆጣ ብለው፣
«እኔን ሦስት ወር በልተውኛል፤ በሰው አልደግመውም፣ ተይው።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤
ይኸኛው ተነጥፎለት ሲያበቃ፣ ባለቤቱን ኪራይ ይጠይቃል።
ይህን ግን አልነገርኳቸው። ጓንቴን አወለቅኩ፣
የኢንተርኔቱን ሽቦ ከጀርባው ጎትቼ ነቀልኩ።
(ውጭ መኪናዬ እንደተሰካች፣ እቤት ይኸኛው ሲነቀል፤
ገመድ አንዱን ሲያተርፈው፣ አንዱን ገመድ ሲበክል።)

አጥፍቼ አበራሁ፣ ኤፍ ስምንትን ደጋግሜ ነካሁ፣
በሴፍ ሞድ፣ በደብዛዛው ዓለም፣ በሰፋፊው ፊደል ገባሁ።
ማጽጃውን በፍላሽ አምጥቼ ብከፍት፣ ሌባው ስሙን ለይቶ ዘጋው፤
ስሙን «ጎመን» ብዬ ለወጥኩት፤ ጎመንን ማን ሊመረምረው!
ያለ አንድ ጥያቄ አሳለፈው።
ጎመን በጤና የሚሉት ይኼ ነው።

ስድስት ሰዓት ፈጀ። ሻይ አፈሉ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።
የተገኙት አሥራ አንድ ብቻ፤ ሁሉም ከዘበኛው ጋር የመጡ።
ሦስት መቶ አርባ ሰባቱ? ሥዕል። የተሣለ ሌባ።
እውነተኛው ያው ጋሻ ለባሹ፣ በፊት በር እጅ ነስቶ የገባ።

ነቀልኩት፤ ከማስነሻው ዝርዝር፣ ከተሸሸገበት ፎልደር፤
ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ሁለቴም ጸጥ አለ ሰፈር።
ባንኩ ሲከፈት የሚደውሉበትን ቁጥር ጻፍኩላቸው፣
የይለፍ ቃሉንም ቀየርን፤ የድሮው «ይርዳው» ነበር፣ ያው ስማቸው።

ስክሪኑን አዩት። አዩትና ቆዩ።
«ምነው ዝም አለ? ሰበርሽው እንዴ? አሁን ማን ይጠብቀው?»
ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት አሳየኋቸው፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ፤
«ደሞዙ?» «በነጻ ነው።» «በነጻ! ታዲያ ቢተኛስ?»

ከዚያ ባትሪ ይዞ የኖረ ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፦
«በሃያ ሁለት ዓመት 'ሌባ!' ብዬ የጮኽኩት ባንድ ሌሊት፣
እሱም ኋላ ሲጣራ፣ የአስተዳዳሪው ድመት።
ያ ሰውዬ በአዳር ሦስት መቶ! እንዴት አልታየኝም፣ እንዴት?»

ሊነጋ ሲል ወጣሁ፣ የመኪናዬን ገመድ ጠቀለልኩ፤
ዞር ብዬ በምድር ቤቱ መስኮት፣ ውርጩን በጥፍሬ ፋቅኩ፦
ካፖርታቸውን ደርበው፣ ወንበሩን ከስክሪኑ ፊት አድርገው፣
ያቺን የድሮ ባትሪ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣
ጋሽ ይርዳው ተረኛ ናቸው።
ዝም ብለው።